ውሃው መቶ ሲደርስ

ጽጌሬዳ የክረምት ትምህርቱን ዕድል ያጣችው ደባርቅ ላይ ውሃ በመቶ ዲግሪ አፍልታ ነው። ዕድሉ ለደምለው ሄደ። ደምለው ባዮሎጂ ያስተምራል፤ ምርምሩ «የተማሪዎች ማርፈድና መንስኤው» ይላል፣ ማስረጃው ደግሞ አንዲት ክብ ግራፍ ናት፤ እንደ ድፎ ዳቦ አራት ቦታ ተቆርሳ አራት ቀለም የተቀባች። ክቧን በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሠራት ያስተማረችው ራሷ ጽጌሬዳ ናት። ያቺ ክብ ጎንደር ወሰደችው።

የሆነው እንዲህ ነው።

ጽጌሬዳ ደባርቅ ከሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት። ቴክኒሻን ማለት መምህሩ «ነገ ሙከራ አለ» ሲል ዕቃ የምታወጣ፣ ዕቃው ሲሰበር የምትጠየቅ፣ ሁሉም ሲሄድ በሩን በጓጉንቸር ቆልፋ የምትወጣ ሰው ነች። ያላት ዲፕሎማ ነው። በዲፕሎማ ክፍል ገብቶ ማስተማር የለም። ዲግሪ የምታገኝበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በየክረምቱ ጎንደር ወርዶ መማር። ለዚያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በዓመት የሚደርሰው አንድ ቦታ ነው።

አራት ዓመት ጠበቀች። በመጀመሪያው ዓመት የሒሳቡ መምህር ቀደማት። በሁለተኛው መንገዱ ተዘጋና ማንም አልሄደም። በሦስተኛው ማመልከቻዋ በአለቃዋ በዘመነ መሳቢያ ውስጥ ከረመ፤ ሐምሌ ላይ ሲገኝ «ውይ፣ እዚህ ነበር ለካ» አለ፣ አበቃ። ዘንድሮ አዲስ መመሪያ መጣ። ቦታውን የሚፈልግ ሰው ተግባራዊ ምርምር ይሥራ፣ ዳታውን ኮምፒዩተር ላይ ያስገባ፣ ግራፍ ያውጣ፣ ከዞን ለሚመጣ ገምጋሚ ያቅርብ። ከመመሪያው ሥር ደግሞ በትንንሽ ፊደል፣ ከዘንድሮ በኋላ ለቴክኒሻን ቦታ እንደማይሰጥ ተጽፏል። ጽጌሬዳ ትንንሹን ፊደል ሦስቴ አነበበችው።

ዘመነ የፊዚክስ ክፍል ኃላፊ ነው። ማመልከቻ የሚያልፈው በሱ ፊርማ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ያስተማራትም እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ፊት ለፊቱ ቲቸር ትለዋለች፣ አንቱ ትለዋለች። በሆዷ አንተ ነው።

በሆዷ አንተ የሆነው ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነው። አንድ ቀን ዘመነ ውሃ ጣደና ስድሳ ተማሪ ከበበው። ቴርሞሜትሩን እንድታነብ ከፊት የቆመችውን ጽጌሬዳን ጠራ። ውሃው ይንተከተካል፣ ይዘላል፣ ብርጭቆውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ቀዩ መስመር ግን ዘጠና ነጥብ አምስት ላይ ቆሟል።

«ዘጠና ነጥብ አምስት» አለች።

«ጊዜ ስጪው፣ ይደርሳል» አለ ዘመነ።

ጊዜ ሰጠችው። ውሃው እየተነነ ተጋመሰ፤ ቀዩ መስመር ንቅንቅ አላለም። ደወል ተደወለ። ስድሳ ተማሪ ደብተሩ ላይ መቶ ብሎ ጻፈ፤ መጽሐፉ መቶ ይላላ። ከፊሉ ቴርሞሜትሩን ዞር ብሎም አላየው። ጽጌሬዳ ዘጠና ነጥብ አምስት ጻፈች። በማግስቱ ደብተሯ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፣ ከጎኑ ዜሮ ከአምስት ተጽፏል። ደብተሩን ይዛ ሄደች።

«ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ እኮ እንዲህ ነው ያለው።»

«ቴርሞሜትሩ አይፈተንም» አለ ዘመነ። «የምትፈተኚው አንቺ ነሽ።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም አብራ ለመሳቅ ሞከረች፣ አልወጣላትም።

ምክንያቱን ያወቀችው ኮሌጅ ስትገባ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ነገር ይቀላል፤ ስለዚህ ብዙም ሳይግል ይፈላል። መቶ ዲግሪ የባሕር ዳርቻ ሰው ቁጥር ነው። ደባርቅ ደግሞ ብርዱ ሰው የማያስተኛበት ከፍታ ላይ ተሰቅላለች። ይሄን ያወቀች ቀን ደስ አላላትም፤ መቁጠር ጀመረች። ስንት ዓመት፣ ስንት ተማሪ፣ ዓይኑ ሥር ዘጠና እያየ መቶ ብሎ ጽፎ ወጥቷል።

ስለዚህ ዘንድሮ ለምርምሩ ርዕስ ሲጠየቅ ማሰብ አላስፈለጋትም። ውሃ በአራት ቦታ ላፍላ አለች። ከጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርጭቆውን በሻሽ ጠቅልላ፣ ቴርሞሜትሩን ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች። ዳባት ወረደች። ፓርኩ ውስጥ ተራራ ላይ ወዳለው ቡይት ራስ ለሎጅ አትክልት በጫነ አይሱዙ ወጣች፤ እዚያ ነፋሱ ቡታጋዟን ሦስቴ አጠፋባትና የፓርኩ ጠባቂዎች በካፖርታቸው ጋርደው አቆሙላት። «እኛ ጋ ውሃ አይፈላም፣ ይሞቃል እንጂ» አላት አንዱ። ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ፈላ።

አዲ አርቃይ ስትደርስ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጆሮዋን ደፍኖታል። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሸጊቱ የምትባል ሴት አገኘች፤ ምድጃዋን ለግማሽ ሰዓት ለመነቻት።

«ምን ልትቀቅይበት?» አለች ሸጊቱ።

«ውሃ።»

«ውሃና ምን?»

«ውሃ ብቻ።»

ሸጊቱ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ከደባርቅ ድረስ ውሃ ልትቀቅይ መጣሽ።»

«አዎ።»

«እናትሽ ያውቃሉ?»

ጽጌሬዳ ጣደች። ሰዓቷን ይዛ ደቂቃ በደቂቃ ጻፈች። ሻይ ጠጪው ሁሉ ወንበሩን ወደሷ አዞረ። ውሃው ሲፈላ ሸጊቱ ራሷ ጎንበስ ብላ «ስንት አለ?» አለች።

«ዘጠና አራት ነጥብ አምስት።»

«እናንተ ጋስ?»

«ዘጠና ነጥብ አምስት። እዚህ ውሃችሁ የበለጠ ይግላል፤ የጣዳችሁት ቶሎ ይበስላል።»

ሸጊቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እህቴ የተዳረችው ደባርቅ ነው። ጠዋት የጣደችው ሽምብራ ለምሳ አይደርስም። ሰነፍ ናት፣ እሳት አትከታተልም ብለን ስንት ዓመት ባሏን ስናጽናና ኖርን።» ቴርሞሜትሩን ደግማ አየችው። «ስሟን አጥፍተናል ማለት ነው?»

«አጥፍታችኋል።»

«እንዳትነግሪያት» አለች ሸጊቱ። ለሻዩ አላስከፈለቻትም።

ዳታውን ያስገባችው በቁርጥራጭ ጊዜ ነው፤ በዕረፍት ሰዓት፣ በምሳ ሰዓት፣ መብራት ባለበት ሰዓት። የትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ የዘጠኝ ቁጥሩ ካልተደቆሰ አይጽፍም፤ የሷ ዳታ ደግሞ ግማሹ ዘጠኝ ነው። በግራ ደቂቃ፣ በቀኝ ዲግሪ፣ ለደባርቅ ብቻ ሠላሳ ስምንት መስመር። ጣቷ ቀላ። ደምለው ከጎኗ ወንበር ስቦ «እስቲ ክብ እንዴት ነው የሚሠራ» እያለ ሁለት ቀን ሙሉ ምሳ ሰዓቷን በላባት። አሳየችው።

ሁለቱን ዓምድ አድምቃ ግራፍ የሚለውን ስትጫን መስመሩ ከአስራ አራት ዲግሪ ተነስቶ ሽቅብ ወጣ፤ ሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ዘጠና ነጥብ አምስት ደረሰና ጋደም አለ። ጎኑ ገደል፣ አናቱ ሜዳ፣ እንደ አምባ። ሁለተኛው ግራፍ፣ የየቦታው ከፍታና ውሃው የፈላበት ዲግሪ፣ አራት ነጥብ ብቻ ነው። አዲ አርቃይ ከላይ፣ ዳባት፣ ደባርቅ፣ ቡይት ራስ ከታች። ነጥቦቹን የሚያያይዝ ቀጥ ያለ መስመር እንዲያሰምርላት ኮምፒዩተሩን አዘዘችው፤ አሰመረ። አራቱም ክር ላይ እንዳለ ዶቃ ተሰደሩ።

ጽጌሬዳ ደስታ የምታበዛ ሰው አይደለችም። ያን ቀን ግን ደወል ተደውሎ ሳለ ላፕቶፑን ሳትዘጋ ትንሽ ቆየች።

ማክሰኞ ለዘመነ አሳየችው። ማስረከቢያው ዓርብ ነው። ዘመነ መነጽሩን አጥልቆ ስክሪኑን በቅርብ አየው፣ ራቅ ብሎም አየው።

«ምንድነው ይሄ ዘጠና?»

«የደባርቅ ነው ቲቸር።»

«ውሃ በስንት ይፈላል ጽጌ?»

«የት?»

«የት አይባልም። ውሃ ነው የጠየቅኩሽ።»

«ቲቸር፣ ያውቁታል እኮ።»

ዘመነ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «አውቀዋለሁ» አለ።

ይሄን አልጠበቀችም።

«አንቺ ሳትመጪ በፊት እኔም ዘጠና ብዬ አስተምሬያለሁ። ምክንያቱን አስረዳሁ፣ ስንት ጠመኔ ጨረስኩ። ፈተናው ደረሰ። ምርጫው ውስጥ ዘጠናም አለ፣ መቶም አለ። ልጆቼ ዘጠናን አጠቆሩ። መልሱ መቶ። አንዲቷ በዚያች በአንድ ጥያቄ ወደቀች። አባቷ ደጄ ላይ ቆመው ‹ምን አድርጌህ ነው ልጄን?› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ደባርቅ ላይ ውሃ የሚፈላው በመቶ ነው። በቃ።»

ጽጌሬዳ እውነቱን እንደሆነ ከፊቱ አየች። ያናደዳትም ይሄ ነው፤ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

«ገምጋሚው መጽሐፉን ይዞ ነው የሚመጣ» አለ ዘመነ። «መቶ ካላየ ይጥልሻል። እኔ ደግሞ አማካሪ ተብዬ ስሜ ከሥርሽ አለ። ዘጠና የሚል ወረቀት ላይ አልፈርምም። ይሄ ሁለተኛው ግራፍ ደግሞ ጂኦግራፊ ነው፣ አጥፊው።» ስልኩን አወጣና አካፈለ። «መቶ ለዘጠና ነጥብ አምስት... አንድ ነጥብ አንድ ዜሮ አምስት። ሁሉንም በዚህ አባዢው። ማስተካከያ ይባላል፣ ሳይንስ ውስጥ ያለ ነገር ነው።»

«ጊዜ ይስጡኝ» አለች።

«ዓርብ ነው ጽጌ። ከዘንድሮ ወዲያ ለቴክኒሻን የለም መሰለኝ።»

ያኔ ላፕቶፑን ዘግታ ብትነሳ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ዕድሉን ታጣለች፣ ዳታዋ ይተርፋታል። አልተነሳችም። አራት ዓመት ስለጠበቀች ነው፤ የሰው ዕቃ ስታወጣና ስታስገባ ማርጀት ስላልፈለገች ነው። አዲስ ዓምድ ከፈተች። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሌቱን ጻፈች፣ ጥጉን ያዘችና ወደ ታች ጎተተችው። ሠላሳ ስምንቱም ባንዴ ተቀየሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ወር የለካችው በአንድ ጉተታ አለቀ። አምባው ሽቅብ ተነሳና አናቱ መቶ ላይ ተኛ። ዋናውን ዓምድ ደበቀችው፣ የአራቱን ቦታ ግራፍ አጠፋችው።

ስሌቱን አጥፍቶ ቁጥሩን ብቻ ማስቀረት እንደሚቻል ታውቃለች። አላደረገችውም። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነበር፣ ቸኩላ ነበር። ለራሷ የነገረችው ይሄን ነው።

ዘመነ ፈረመ። «አየሽ፣ እንዲህ ነው» አላት።

ገምጋሚው አቶ ማንያዘዋል ይባላል። ረጋ ያለ፣ ሹራቡን እስከ አገጩ የቆለፈ ሰው ነው። መጽሐፍ አልያዘም። የደምለውን ክብ አየ፣ «ጥሩ» አለ፣ ጻፈ። ከዚያ ጽጌሬዳ ተነሳች። ግራፏ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር በራ። ተናግራ ስትጨርስ ማንያዘዋል ፋይሉን ራሱ ልክፈተው አለ፤ ላፕቶፑ ጋ ተቀመጠ።

«የመጀመሪያው ቁጥር አስራ አምስት ነጥብ አራት ሰባት ይላል።»

«አዎ» አለች ጽጌሬዳ።

«ቴርሞሜትራችሁ ነጥብ አራት ሰባት ያነባል?»

የዚያ ቴርሞሜትር መስመሮች በግማሽ ዲግሪ ነው የሚቆጥሩት። ይሄንን የትም ያለ ቴክኒሻን ያውቀዋል።

ማንያዘዋል ቁጥሩን ተጫነው። ከላይ በኩል፣ ግድግዳው ላይ፣ ክንድ በሚያክል ፊደል ስሌቱ ወጣ። የተደበቀው ዓምድ ሲባዛ በአንድ ነጥብ አንድ ዜሮ አምስት። ሁሉም መምህር አነበበው። ማንያዘዋል የተደበቀውን ገለጠው፤ ዘጠና ነጥብ አምስት፣ ዘጠና ነጥብ አምስት፣ ዘጠና ነጥብ አምስት፣ እስከ ታች።

«ይሄ ማባዛት ምንድነው?»

«ማስተካከያ ነው።»

«ምኑን የሚያስተካክል?»

ጽጌሬዳ ወደ ዘመነ ዞረች። ዘመነ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የዝናብ እድፍ አንጋጦ ያያል።

«እህቴ፣ ሙከራውን የት ነው የሠራሽው?» አለ ማንያዘዋል።

«እዚሁ።»

«እንግዲያው ልክ ነበርሽ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ልክ የነበረውን ነው ያበላሸሽው። እዚህ ከፍታ ላይ መቶ የሚል ወረቀት ሲመጣልኝ ያልለካ ሰው ነው ብዬ አልፈዋለሁ። አንቺ ለክተሻል። ለክተሽ ነው የዋሸሽ።»

«ደብተሬ አለ» አለች። ቦርሳዋን ለመክፈት እጇ ታዘዘላት፣ ዚፑ አልታዘዘም። «አራት ቦታ ለክቻለሁ። አዲ አርቃይ፣ ዳባት...»

«ፋይሉ ውስጥ የታለ?»

«ጠፍቷል።»

«ማን አጠፋው?»

ጽጌሬዳ ጠበቀች። ዘመነ እንዲናገር ጊዜ ሰጠችው።

«አማካሪዋ ማነው?» አለ ማንያዘዋል።

«እኔ ነኝ» አለ ዘመነ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ተማሪዬ ነበረች። ጎበዝ ልጅ ናት። ችግሯ መቸኮል ነው፤ ተማሪም ሳለች እንዲሁ ነበረች።»

ጽጌሬዳ ወደ እጇ አየች። የጻፈው ጣቷ ነው፣ የጎተተውም፣ የደበቀውም። ቲቸር አዘዙኝ ብትል፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቲቸር አዘዙኝ የሚባልበት ዕድሜ አይደለም። ማንያዘዋል ፎርሙ ላይ ሁለት ቃል ጻፈ፤ ከቆመችበት ይነበባል። «ዳታ ለውጣለች።»

ሰኞ ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ደምለው ከኋላዋ መጥቶ «ጽጌ፣ እኔ ምን ልበል...» አለ።

«ምንም አትበል።»

«ክቧን እኮ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ ደምለው። ሂድ ክፍልህ ግባ፣ ተማሪ ያረፍዳል።»

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ዘመነ ላብራቶሪ መጣ። አንድ ወረቀት ይዟል። ጽጌሬዳ መደርደሪያውን እየጠረገች ነበር።

«ቃለ ጉባኤው መዘጋት አለበት» አለ። «ገምጋሚው ስለ አማካሪውም አንድ ሁለት ነገር ጽፏል። ስለዚህ የላብራቶሪው አስራ ሁለት ቴርሞሜትሮች ብልሽት አለባቸው፣ አሥር ዲግሪ ዝቅ አድርገው ያነባሉ ብለሽ እዚህ ጋ ትፈርሚያለሽ። አስራ ሁለቱም ይወገዳሉ። ማስተካከያው ለምን እንደገባ ይታወቃል፤ ያንቺም ስም ይነጻል፣ የኔም።»

«ቴርሞሜትሮቹ ጤነኛ ናቸው።»

«እንደሱ አይባልም ጽጌ። አንድ ጊዜ መቶ አንብበው ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ።»

መጥረጊያውን አስቀመጠች። «የክረምቱስ ነገር?»

«እሱማ አለፈ እንግዲህ።» ዘመነ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አቃንቶ እስክሪብቶ ደረበበት። «መመሪያ ይለወጣል። ጊዜ ስጪው፣ ይደርሳል።»

ጽጌሬዳ እስክሪብቶውን አነሳችው።

«እሺ ቲቸር» አለች።

ብርጭቆውን ከቧንቧው ሞላች። መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሰካች፣ ውሃውን ጣደች፣ ቴርሞሜትሩን መያዣው ላይ አሰረች። ከማሰሯ በፊት መቶ የሚለው መስመር ላይ በማርከር ጥቁር ቀለበት አዞረችበት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ብልሽት አለው ብዬ ከመፈረሜ በፊት አንዴ ይታይ ብዬ ነው። አሁን እርስዎ ራስዎ አንብበው ይጻፉት። በእርስዎ እጅ ከተጻፈ እፈርማለሁ።»

ዘመነ ሰዓቱን አየ። «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሠላሳ ስምንት ነበር የኔ።»

ክፍለ ጊዜ አልነበረውም። ውጭ ነፋሱ አቧራ ያነሳል፣ ላብራቶሪው ይሞቃል። በርጩማ ሳበና ተቀመጠ። መነጽሩን አጠለቀ። ደብተሯን ንጹህ ገጽ ላይ ከፍታ ሰጠችው፤ ከላይ ደቂቃ፣ ዲግሪ ብላ ሁለት ዓምድ አስምራበታለች።

«አስራ አራት» አለ ዘመነ፣ ጎንበስ ብሎ። ጻፈ።

«ደቂቃ በደቂቃ ይጻፉ ቲቸር። መቶ እስኪደርስ።»

«ይደርሳል፣ ይደርሳል።»

ሹራቧን ከምስማሩ አወረደች። ቦርሳዋን ያዘች። ጓጉንቸሩን ከጠረጴዛው ጫፍ አነሳችና ወጣች። የብረት በሩን ሳበችው፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ማጠፊያውን አገጣጥማ ቆለፈች።

«ጽጌ?» አለ ዘመነ ከውስጥ።

ዘበኛው ጋሽ ሻረው ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ራዲዮናቸውን ይጠጋግናሉ። ጠራቻቸው፤ ብረት ወደተገጠመለት መስኮት ወሰደቻቸው።

«ጋሽ ሻረው፣ ያቺን ጥቁር ቀለበት ያዩዋታል?»

ዓይናቸውን አጠበቡ። «አያታለሁ።»

«ቀዩ መስመር እሷ ጋ ሲደርስ በሩን ይክፈቱላቸው።»

«እሳቸው ምን እየሠሩ ነው?»

«ሙከራ።»

«ጽጌሬዳ!» አለ ዘመነ። በርጩማው ሲወድቅ ተሰማ።

ጋሽ ሻረው ወደ ውስጥ አዩ፣ ወደሷ አዩ። «ከደረሰ እንጂ ካልደረሰስ?»

«ይደርሳል ብለዋል እሳቸው።»

ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችና ከትምህርት ቤቱ በር የቆመ ባጃጅ ውስጥ ገባች።